ዕድር የማይችለው ኪሳራ

ሆሳዕና ውስጥ አዲስ ፎቅ ሲሠራ ሲሚንቶው በብር ይገዛል፣ ግንበኛውም በብር ይከፈለዋል። ፎቁን የሚያቆመው ግን ብዙ ጊዜ ራንድ ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በአንዲት ስፓዛ ሱቅ፣ ከብረት ፍርግርግ ኋላ ቆሞ ዳቦና የሞባይል ካርድ የሚሸጥ ወንድም አለ። እሱ ሲያተርፍ እዚህ አንድ ወለል ይጨመራል። እሱ ሲዘረፍ ፌሮው ወደ ሰማይ እንደተቀሰረ ይዝጋል። ዱራሜም፣ ሾኔም፣ ሽንሺቾም ነገሩ ያው ነው።

እኔ ሶፍትዌር የምሠራ ሰው ነኝ። በሥራችን አንድ ሲስተም በምን በምን ላይ እንደተደገፈ ዝርዝር እንጽፋለን፤ አንዱ ሲወድቅ የትኛው አብሮ እንደሚወድቅ ለማወቅ። ስለ ዓለም የገንዘብ ሥርዓት ድብቅ አደጋ ሲነሳ ሁሉም ዎል ስትሪትን ያስባል። እስቲ ያንን ዝርዝር ለሆሳዕና እንጻፈው። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ከወንጂ እስከ ጄፒ

ጥገኝነቱ በራንድ አልጀመረም። የሐዲያና የከምባታ መሬት ጠባብ ነው፣ ሕዝቡ ብዙ ነው። እንሰት በትንሽ ጓሮ ብዙ ቤተሰብ ያኖራል፤ ለግብር፣ ለልብስና ለጥሎሽ የሚሆን ጥሬ ገንዘብ ግን ከጓሮ አይቆረጥም። ስለዚህ ወጣቱ ገንዘብ ወዳለበት ሄደ። ኢንዶኔዥያ ከሆላንድ ነፃ ስትወጣ፣ እዚያ ስኳር ያመርት የነበረው ኤች.ቪ.ኤ. የተባለ የደች ኩባንያ ሌላ አገር ፈለገና ወደ ኢትዮጵያ መጣ። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1954 ሥራ ጀመረ። አገዳ ከቆረጡት መካከል ብዙዎቹ ከከምባታና ከሐዲያ የሄዱ ነበሩ። እስያ ውስጥ አንድ ቅኝ ግዛት ስላበቃ አንጋጫ ያለ ጎረምሳ ደመወዝ አገኘ ማለት ነው። በ1975 ደግሞ ደርግ ኩባንያውን ወረሰው። በሁለቱም ጊዜ ጎረምሳውን ማንም አልጠየቀውም።

ከ2000 ወዲህ መንገዱ ወደ ደቡብ አፍሪካ ዞረ። ተመራማሪው ደረጀ ፈይሳ በሐዲያ ስደት ላይ ባደረገው ጥናት ድህነት ብቻውን ይህን ጉዞ እንደማያስረዳ ይከራከራል። ሆሳዕና ላይ የደቡብ በር እንደሚከፈት የተነገረ ትንቢት ሳይቀር ጉዞውን በረከት አስመስሎታል። የሄዱት መጀመሪያ ብርድ ልብስና መጋረጃ ተሸክመው ቤት ለቤት ሸጡ። ቀጥሎ ሱቅ ከፈቱ። የጆሃንስበርግ ጄፒ ስትሪትም የሐበሻ መርካቶ ሆነ።

ስልክና እምነት

ገንዘቡ እንዴት ይመጣል? ልጁ ራንዱን እዚያ ላለ ሐዋላ ሠሪ ይሰጣል። ስልክ ይደወላል። እዚህ ሌላ ሰው ለእናቱ ብር ይቆጥራል። አንድም ዶላር ወደ ኢትዮጵያ አልገባም። ብሩ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከባንክ ዶላር ካጣ አስመጪ ኪስ ነው። በምትኩ ራንዱ ወደ ዶላር ተቀይሮ ዱባይ ወይም ቻይና ላይ የዕቃው ዋጋ ይከፈልለታል። እናትየው የምትቀበለው የማታውቀውን ነጋዴ ብር ነው።

ሰው ሐዋላን የመረጠው ሕግ ስለጠላ አይደለም፤ ሒሳብ ስለሠራ ነው። ጁላይ 2024 ብሔራዊ ባንክ ብርን ለገበያ ከመልቀቁ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቁር ገበያ እጥፍ ያህል። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የባንኩ ዋጋም ከ100 አለፈ። ድሮውንም በሐዋላ ለምትቀበል እናት ግን ያ ዋጋ አዲስ አልነበረም።

አደጋው ያለው አንዱ ወገን ከፍሎ ሌላው ገና ሳይከፍል ባለችው ክፍተት ነው። ይቺ ክፍተት የድሃ አገር ጉድ አይደለችም። ጁን 26 ቀን 1974 የጀርመን ባለሥልጣናት ኮሎኝ የነበረውን ሄርሽታት ባንክ ዘጉ። በዚያ ቀን ለባንኩ ማርክ የከፈሉ ሌሎች ባንኮች ዶላራቸውን ኒውዮርክ ላይ ይጠብቁ ነበር። እዚያ ገና ቀኑ አልተጋመሰም። ዶላሩ ቀረ። ከዚያ ድንጋጤ የተነሳ በዚያው ዓመት መጨረሻ የባዝል የባንክ ቁጥጥር ኮሚቴ ተቋቋመ። በጄፒና በሆሳዕና መካከል ግን ባዝል የለም። ሐዋላ ሠሪው ስልኩን ቢያጠፋ ለክስ የሚሆን ወረቀት እንኳ አይገኝም።

ሰውየው ታማኝ ቢሆንም መስመሩ ከላይ ሊቆረጥ ይችላል። ኖቬምበር 2001 አሜሪካ አል በረካት የተባለውን የሶማሌ ሐዋላ ድርጅት ሽብርን ይረዳል ብላ ንብረቱን አገደች። የሴፕቴምበር 11 ጥቃትን የመረመረው ኮሚሽን ባልደረቦች ኋላ ላይ ክሱን የሚያጸና ማስረጃ አላገኙም። የሶማሊያ ቤተሰቦች ግን ያንን ምርመራ እየጠበቁ መብላት አይችሉም ነበር።

ሁሉም አንድ ቀን ሲያዝን

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ዕድር ለምን ይሠራል? ሁላችንም በአንድ ሳምንት ስለማንሞት ነው። አንዱ ሲያዝን ዘጠና ዘጠኙ ድንኳን ይተክላል። አሜሪካ ውስጥ የቤት ብድር ተሰብስቦ ለዓለም ሲቸበቸብ የነበረው ሒሳብም የዕድር ሒሳብ ነበር፤ ፍሎሪዳ ላይ ዋጋ ቢወድቅ ሌላው ቦታ ይቆማል የሚል። አብረው ወደቁ። ሌማን ብራዘርስ ሴፕቴምበር 15 ቀን 2008 ኪሳራውን አወጀ።

እኛ ጋስ? ዕቁብ የምትጥለው ሴት ገንዘቧ ከጆበርግ ይመጣል። ዋስ የሆነላት ጎረቤትም ልጁ ጆበርግ ነው። ቦታዋን ሊገዛ የሚችለው ሰው ወንድሙ ኬፕታውን ነው። በየቤቱ ሲታይ ሁሉም ዋስትና አለው። ከላይ ሲታይ ግን ዋስትናው አንድ ነው፤ እሱም ደቡብ አፍሪካ።

ያ ምሰሶ ደግሞ ይነቃነቃል። በ2011 አንድ ዶላር ሰባት ራንድ ገደማ ነበር። ዲሴምበር 2015 ፕሬዚዳንት ዙማ የገንዘብ ሚኒስትራቸውን ንላንላ ኔኔን አባረሩ፤ በቀጣዩ ወር ዶላሩ ከ16 ራንድ አለፈ። ሺህ ራንድ የሚልክ ልጅ በፊት 140 ዶላር ያህል ይልክ ነበር፤ አሁን ስልሳ ብቻ። የሥራው ሰዓት አልቀነሰም፣ ሱቁም አልተዘረፈም። ዘረፋውም አልቀረም። ሜይ 2008 በውጭ ዜጎች ላይ በተነሳው ጥቃት ከስልሳ በላይ ሰው ሞተ። በጁላይ 2021ዱ ሁከት የሞቱት ከ350 ይበልጣሉ፤ የብዙ ሰው ሱቅም ተራቁቷል።

ከዚህ ሁሉ በፊት የመንገዱ አደጋ አለ። ማርች 2020 ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ላይ ኢትዮጵያውያን ናቸው የተባሉ 64 ሰዎች በጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ ታፍነው ሞተው ተገኙ። መሬትና ከብት ተሸጦ ለደላላ የሚከፈለው ገንዘብ እንዲህም ሊያልቅ ይችላል። ትልልቅ ባንኮች በ2008 ሲከስሩ መንግሥት ደረሰላቸው። መሬቱን የሸጠ አባት የሚደርስለት ያው ዕድሩ ነው።

አትሂዱ፣ አትላኩ ለማለት አይደለም። ያ ገንዘብ ቆርቆሮ ሆኗል፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ሆኗል፣ መድኃኒት ሆኗል። ከ2008 ወዲህ ግን ባንኮች በግዴታ የሚሠሩት አንድ ፈተና አለ፦ ክፉው ቀን ቢመጣ ስንት ጊዜ እንቆያለን? ይህን ፈተና ቤተሰብም ቡና ላይ ተቀምጦ ሊሠራው ይችላል። ልጁ ስድስት ወር ባይልክ ምን እንሸጣለን? ለማንስ? ገዢው የሚጠብቀውም ከዚያው ከጄፒ የሚላክ ገንዘብ ከሆነ፣ ሁለተኛው ፎቅ ይቆይና ከራንድ ጋር የማይወድቅ ነገር ይቅደም፤ ላም፣ ወፍጮ፣ ወይም እዚሁ የሚሠራ የልጅ ሙያ።