የሴናተሩ ስንዴ

የኢጣሊያን ማዕድ ብዙ ሰው ከአያት ከቅድመ አያት ሳይነካ እንደ ወረደ ቅርስ ይቆጥረዋል። የፓስታው ስንዴ ታሪክ ግን ሌላ ነው የሚናገረው።

ናዛሬኖ ስትራምፔሊ የተባለው ኢጣሊያዊ የዘር ተመራማሪ ከቱኒዚያ የመጣን ነባር ስንዴ በደቡብ ኢጣሊያ፣ በፎጃ፣ እየዘራና እየመረጠ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1915 አዲስ ዘር አወጣ። ስሙንም ለሙከራው ማሳ በመፍቀድ ለረዱት ለሴናተር ራፋኤሌ ካፔሊ መታሰቢያ አደረገው፤ «ሴናቶሬ ካፔሊ» ተባለ። ዛሬ «ጥንታዊ የኢጣሊያ ስንዴ» እየተባለ በውድ ዋጋ የሚሸጠው ይኸው ባሕር ተሻግሮ የመጣ እንግዳ ነው።

ካፔሊ ለዐሥርተ ዓመታት የፓስታውን ማሳ ገዛ። ይሁን እንጂ አገዳው ከሰው ቁመት የሚስተካከል በመሆኑ ነፋስና ዝናብ ሲያገኘው ይጋሸባል፤ ማዳበሪያ ሲበዛበትማ ይብስበታል። መፍትሔው የተገኘው ማንም ባልጠበቀው ሥፍራ፣ ሮማ አጠገብ ባለው በካዛቺያ የኑክሊየር ምርምር ማዕከል ነበር። ካፔሊን በጨረር በመለወጥ የተገኘው አጭር ዘር ከሜክሲኮ ከመጣ ስንዴ ጋር ተዳቅሎ እ.ኤ.አ. በ1974 «ክሬሶ» ወጣ። ምርቱ እጅግ የላቀ ስለነበር አሮጌው ሴናተር ከማሳው ተባረረ።

እ.ኤ.አ. በ1989 «ስሎው ፉድ» የተባለው እንቅስቃሴ ፈጣን ምግብን በመቃወም መግለጫውን በፓሪስ ካወጣ ወዲህ የነባር ዘር ጉዳይ ጆሮ አገኘ። ካፔሊም ተመለሰ። የተወቀሰበት ቁመት አሁን ተመሰገነለት፤ ረጅሙ አገዳ አረሙን በጥላው ያፍናል፣ ብዙ ማዳበሪያም አይሻም። የገበያው ሙገሳ ግን አንድ ነገር ይሸፍናል፦ ምርቱ ከዘመናዊዎቹ በእጅጉ ያንሳል። መሬት ሳይጨምር ሁሉንም ፓስታ በካፔሊ እንሥራ ማለት ፓስታን የባለጸጋ ምግብ ማድረግ ነው። ለእኔ የሚታየኝ አዋጪ መንገድ አሮጌ ዘር እንደ ታቦት ማክበር ሳይሆን፣ ስትራምፔሊ እንዳደረገው ከነባሩ ውስጥ መምረጥ ነው።

ይህንኑ ሥራ የኛም ገበሬ ያውቀዋል። ኢትዮጵያ የፓስታ ስንዴ ብዝኃ ዘር ከሚገኝባቸው ጥቂት አገሮች አንዷ ናት። የፒሳው ሳንታና ትምህርት ቤት ተመራማሪዎችና ኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2012 በትግራይና በአማራ 400 ያህል የፓስታ ስንዴ ዓይነት ዘርተው ለወንድና ለሴት ገበሬዎች አስመዘኑ። ገበሬዎቹ በማሳው መካከል እየተዘዋወሩ ለእያንዳንዱ ነጥብ ሰጡ፤ ተመራማሪዎቹም የገበሬውን ዓይን ከስንዴው የዘር ባሕርይ ጋር አስተያዩት።