ከግድግዳው ውስጥ የቆሙት ዓምዶች፦ የሲራኩሳ ካቴድራል

ባለፈው ሳምንት ሲሲሊ ነበርኩ። «ደግሞ ምን ልትሠራ ተመለስክ?» ብላችሁ በውስጥ መስመር የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ። መልሱ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ከዓመታት በፊት ከባሕር ተርፈን የወረድነው አውጉስታ ወደብ ነው። ሲራኩሳ ከዚያ ቅርብ ናት፤ ያኔ ግን ከአውቶቡስ መስኮትና ከካምፕ አጥር በቀር ያየሁት የለም። አብሮኝ የተሳፈረው ጓደኛዬ አልወረደም። እናቱ በስልክ «አንተ ወረቀት አለህ፤ ባሕሩ ዳር ቆመህ ዱዓ አድርግልኝ» ካሉኝ ሁለት ዓመት አለፈ። ክርስቲያን መሆኔን ያውቃሉ። «ፈጣሪ አንድ ነው፣ ልጄ» ነው ያሉኝ።

ካቴድራሉ ያለው ኦርቲጂያ በምትባል፣ በድልድይ ከከተማው ጋር በተያያዘች ትንሽ ደሴት ላይ ነው። ፊቱ ከ1693 እ.ኤ.አ. ርዕደ መሬት በኋላ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ነው፤ ያማረ ነው፣ ግን ጣሊያን ውስጥ እንዲህ ያለ ብዙ አለ። ዞር ብላችሁ ጎኑን እዩ። ግዙፍ የግሪክ ዓምዶች ከግድግዳው ውስጥ ግማሽ ገላቸው ወጥቶ ይታያል፤ አንዳንዶቹ ዘመም ብለዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ480 የሲራኩሳው ገዢ ጌሎን ካርታጎችን ሂመራ ላይ ድል አደረገና ለአቴና የምትባል ጣዖት ቤተ መቅደስ ሠራ። በ7ኛው ክፍለ ዘመን ክርስቲያኖች ቤተ ክርስቲያን ሊያደርጉት ሲያስቡ አላፈረሱትም። በዓምዶቹ መካከል ያለውን ክፍተት በድንጋይ ደፈኑት፣ ውስጠኛውን ግድግዳ ደግሞ ቅስት ቅስት እያደረጉ ከፈቱት። በ878 ዓረቦች ከተማዋን ያዙ፣ መስጊድ ሆነ። በ11ኛው ክፍለ ዘመን ኖርማኖች መጡ፣ እንደገና ቤተ ክርስቲያን። ዓምዶቹ ግን ያው ናቸው።

ይህን ስሰማ እማማ ትዝ አሉኝ። ጓደኛዬ እዚህ ቢቆም ኖሮ አባቶቹም የሰገዱበት ቦታ ነው።

ቅዱስ ጳውሎስም በዚህች ከተማ አልፏል። ሐዋርያት ሥራ 28ን አንብቡ፤ እስረኛ ሆኖ ወደ ሮም ሲወሰድ ማልታ ላይ መርከቡ ተሰብሮ፣ ከዚያ ሲራኩሳ ሦስት ቀን ቆየ። ባሕር የሰበረው እስረኛ! ስንቶቻችን ነን?

ከሁሉ የከበደኝ ግን ካቴድራሉ ሳይሆን የድንጋይ ካባዎቹ ናቸው። የጥንቷ ሲራኩሳ ከነሱ በተፈለጠ ድንጋይ ታነጸች። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ413 አቴናውያን ሊወርሯት መጥተው ተሸነፉ፤ ከ7000 የማያንሱ ምርኮኞች እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ተጣሉ። የታሪክ ጸሐፊው ቱኪዲደስ እንደሚለው ለስምንት ወር የአንድ ሰው የቀን ውኃ ሩብ ሊትር ገደማ ነበር። ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት ብርድ፣ ሬሳ ከሕያው ጋር ተከምሮ። ሊቢያ መጋዘን ውስጥ ውኃ በጠርሙስ ክዳን የተካፈላችሁ፣ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ፕሉታርክ ደግሞ አንዳንዶቹ የዩሪፒደስን ግጥም በቃል ስለሚያውቁ ብቻ ነፃ ተለቀቁ ይላል። (የቃለ መጠይቁን መልስ በቃል ያጠናንበትን ሌሊት አስታወሰኝ፤ ይቅርታ፣ ሳቄ መጣ።)

አንድ ነገር ላክል። ከተማው ውስጥ ባሕሩ ዳር፣ አፍሪካ ላይ ለሞቱ ጣሊያኖች የቆመ ትልቅ ሐውልት አለ። መጀመሪያ አዲስ አበባ ሊተከል ታስቦ የተሠራ ነው። አልደረሰም፣ እዚያው ቀረ። ፊቱ ቆሜ ምን እንደምል ጠፍቶኝ አለፍኩ።

ማታ ከካቴድራሉ ወርጄ ውኃው ዳር ተቀመጥኩና የጓደኛዬን ስም ጠራሁ። የማውቀውን ጸሎት ጸለይኩ፣ ከዚያ ስልኬን ከፍቼ እናቱን ደወልኩላቸው፤ ስልኩን ወደ ባሕሩ አዞርኩት፣ እሳቸው ራሳቸው ፋቲሓ ቀሩለት።

ሲጨርሱ «ውኃው ይጮኻል እንዴ?» አሉኝ።

«አይ፣ ዛሬ ጸጥ ብሏል፣ እማማ» አልኳቸው።