ባለ 100 እጥፍ የዘይት ሌንስ
የብርሃን ማይክሮስኮፕ አካል፤ ብረትና መስታወት

ከሁምቦ ቆላ ትኩሳት ይዞት ኦቶና ሆስፒታል የመጣ ታማሚ ደሙ ለወባ ምርመራ ስላይድ ላይ ተቀብቶ፣ በጊምሳ ቀለም ተነክሮ በዚህ ዓይነት ሌንስ ይታያል። ሌንሱ አጥርቶ የሚያሳየው ከስላይዱ 0.13 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲርቅ ብቻ ነው፤ ባለ 10 እጥፉ ግን ብዙ ሚሊ ሜትር ርቆ ያያል። የባለ 100 እጥፉን ጠባብ ክፍተት የዘይት ጠብታ ይሞላዋል። ጫፉ ላይ ያለው ስፕሪንግ ትልቅ ባለውለታ ነው፦ ተለማማጁ ማስተካከያውን አብዝቶ ሲያዞር ሌንሱ ወደ ውስጥ ይገባና ስላይዱ ከመሰበር ይተርፋል።

ማርቪን ሚንስኪ በ1957 እ.ኤ.አ. የፓተንት ማመልከቻ ያስገባበት ኮንፎካል ማይክሮስኮፕ ወፍራም ናሙናን ንብርብር በንብርብር ያነባል። እዚያ ይህ ሌንስ ርቀቱ አጭር ስለሆነ የናሙናው ጥልቅ ንብርብር ጋ ሳይደርስ ከመሸፈኛ መስታወቱ ይጋጫል። የወባ ቅብ ግን ስስ ነው፤ መሸፈኛ መስታወት እንኳ አይደረብበትም።