የጎንደር የጤና መኮንኖችና የገጠሩ ሕዝብ ጥያቄ

ስለ አገራችን የሕዝብ ጤና ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሰው የሐኪሞች ቁጥር ነው፦ ለስንት ሺህ ሰው ስንት ሐኪም? ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ጎዶሎ ነው። ሐኪሙ ምን ተምሮ፣ የት ሆኖ፣ ማንን ሊያገለግል ሠለጠነ የሚለው ካልታከለበት፣ ከተማው በሐኪም ሲሞላ ገበሬው እንደ ተረሳ ሊቀር ይችላል። ለዚህ የጎንደሩ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ታሪክ ጥሩ ማስረጃ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1953 ከጣና በስተሰሜን ያለውን የደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ መታው፤ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ አለቀ። ያን ጊዜ በኢትዮጵያ የነበሩት ሐኪሞች እጅግ ጥቂቶች ነበሩ፤ አብዛኞቹም የውጭ አገር ሰዎች ሲሆኑ የሚሠሩት በአዲስ አበባና በጥቂት ከተሞች ነበር። በ1954 መንግሥት ከዓለም የጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ የቴክኒክ ዕርዳታ ጋር ተባብሮ ኮሌጁን በጎንደር ከፈተ። (የቃኘው ጦር ሰፈር ውል የተፈረመው በ1953 እንደ ነበር አንባቢ አይዘንጋ፤ የአሜሪካ ዕርዳታ ለጽድቅ ብቻ የመጣ አልነበረም።)

የለጋሹ ዓላማ ምንም ይሁን ምን፣ የሥልጠናው ሐሳብ ግን ትክክለኛ ነበር። ኮሌጁ ያሠለጠነው በሆስፒታል አልጋ ዙሪያ የሚሠራ ሐኪም ሳይሆን አንድ ላይ የሚሰማራ ቡድን ነው፦ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን። መኮንኑ ሦስት ዓመት ተምሮ አንድ ዓመት በሥራ ላይ ይለማመዳል። የሦስቱም ሙያ ተማሪዎች እንደ ቆላ ድባ ባሉ የገጠር ጤና ጣቢያዎች አብረው ይሠራሉ። ትምህርታቸው በሽተኛ መርምሮ መድኃኒት በማዘዝ አያበቃም፤ ምንጭ ማጎልበት፣ መጸዳጃ ማስቆፈር፣ ነፍሰ ጡሮችን መከታተል፣ ማስከተብ፣ ወረርሽኝ ሲነሣም ቤት ለቤት መዞር ነው። አንድ ጤና ጣቢያ ወደ 50,000 ሕዝብ እንዲያገለግል ታቅዶ ነበር።

ዕቅዱና የአገሩ ስፋት ግን አልተመጣጠኑም። በ1958 ወባ ወደ ደጋው ወጥቶ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ሲያሳምም፣ የሞተው 150,000 እንደሚደርስ ተገምቷል። ይህን ጥቂት መኮንኖች ሊያቆሙት አይችሉም ነበር።

የባሰው ችግር ከውስጥ የመጣ ነው። በ1964 በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ ሲቋቋም ክብሩ፣ ደመወዙና የዕድገት በሩ ለሐኪሙ ሆነ። መኮንኑ በወረዳው ብቸኛው ተጠሪ ቢሆንም ‹ግማሽ ሐኪም› ተብሎ የሚታይ ሰው ነበር። ስለዚህ ከመኮንኖቹ ብዙዎቹ እንደገና ተምረው ሐኪም ለመሆን ተጣጣሩ። ይህን የግለሰብ ራስ ወዳድነት ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ገጠር የቀረውን የሚቀጣ፣ ከተማ የገባውን የሚሸልም ሥርዓት ያዘጋጁትን ግን ነጻ ያወጣል።

ደርግም መሰላሉን አላፈረሰውም። የመኮንኖቹ ሥልጠና ቀርቶ፣ በ1978 የጎንደሩ ተቋም በሊፕዚጉ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ትብብር የሕክምና ኮሌጅ ሆነ። አገሪቱ ሐኪም ያስፈልጋት ስለ ነበር ይህ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። የሚያስገርመው፣ በዚያው ዓመት በመስከረም ወር በአልማ አታ የተሰበሰቡ መንግሥታት የመጀመሪያ ደረጃ ጤና አገልግሎት ለሁሉም እንዲዳረስ ማወጃቸው ነው። ዓለም ጎንደር ወደ ጀመረችው ሐሳብ ሲመጣ ጎንደር ትታው ሄደች!

በኋላ ጅማ በ1983 የጤና ሳይንስ ተቋም ሲከፈትባት፣ ተማሪዎችን በቡድን ወደ ሕዝቡ የመላክ ልምድ እንደገና ነፍስ ዘራ። በ1990ዎቹ አጋማሽም የመኮንኖች ሥልጠና ተመለሰ።

ለውጭ ተማሪ ይህ የሩቅ ታሪክ አይደለም። እዚህ የሚሰጠን ትምህርት ላቦራቶሪና ውድ መሣሪያ በእጅ እንዳለ አድርጎ የሚጀምር ነው፤ በአንድ ማይክሮስኮፕና በአንድ በቅሎ እንዴት እንደሚሠራ የሚያስተምረን የለም። ዲፕሎማችንም በዚያው መሰላል ላይ ከፍ ያለ ቦታ ይሰጠናል።

ከ2003 ወዲህ ደግሞ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች አንድ ዓመት ሠልጥነው፣ ሁለት ሁለት ሆነው በየቀበሌው ተመድበዋል፤ ቁጥራቸውም ከ30,000 በልጧል። እነዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ዓመታት ከሠሩ በኋላ የሚጠይቁት የትምህርትና የደመወዝ ዕድገት ነው፤ የጎንደሩ መኮንን ያጣውን ማለት ነው።