ገደብ

«ገደብ» እና «ግድብ» አንድ ሥር አላቸው፤ ሁለቱም ከ«ገደበ» ይወለዳሉ። ግድብ ውኃን ይይዛል፣ የጊዜ ገደብ ደግሞ ጥበቃን። በፕሮግራም ሥራ «ታይምአውት» የምንለውን «የጊዜ ገደብ» ማለት ደስ የሚለኝ ለዚህ ነው።

እዚህ ሶኬት ስል የግድግዳውን ማለቴ አይደለም፤ ፕሮግራም ከኔትወርክ ጋር የሚነጋገርበትን በር ነው። በሩ ላይ መልእክት የሚጠብቅ ፕሮግራም «እስከ መቼ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ1983 ከቢኤስዲ ዩኒክስ ጋር የወጣው «ሰሌክት» የተባለ የመጠበቂያ ጥሪ ገደቡን በሴኮንድና በማይክሮሴኮንድ ይቀበላል፤ «ፖል» የተባለው ሌላ ጥሪ ደግሞ በሚሊሴኮንድ። ለፖል 0 ማለት «አይተህ ወዲያው ተመለስ» ነው፤ -1 ደግሞ «እስኪመጣ ጠብቅ»።

ቃሉ አንድ ቢሆንም ትርጉሙ ከሲስተም ሲስተም ይለያያል። ለሰሌክት 5 ሴኮንድ ሰጥተነው መልእክቱ በ3 ሴኮንድ ቢደርስ፣ ሊኑክስ የሰጠነውን ቁጥር በቀረው 2 ይተካዋል። ዊንዶውስ ግን 5ቱን አይነካም። ስለዚህ ገደቡን ከሉፑ ውጭ አንድ ጊዜ ብቻ የሞላ ፕሮግራም ዊንዶውስ ላይ በሰላም ይሠራል፤ ሊኑክስ ላይ ገደቡ እየተሸራረፈ 0 ይደርሳል። ያኔ መጠበቅ ይቀርና ፕሮሰሰሩ በባዶ ይሽከረከራል።

መፍትሔው ቀላል ነው፦ ማብቂያውን ወደ ኋላ በማይመለስ ሰዓት መዝግቡ፤ ከእያንዳንዱ ጥሪ በፊት የቀረውን አስልታችሁ እንደ አዲስ ሙሉ። ገደቡን የሚያውቀው ፕሮግራማችሁ ይሁን እንጂ የሲስተሙ ልማድ አይሁን።