የመጨረሻው ገበቴ ሠሪ

አንድ የሥራ መሣሪያ በቤተ መዘክር ሲቀመጥ ጥበቡም አብሮት የተቀመጠ ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ይህን ከሚያስረዱን ታሪኮች አንዱ በእግር የሚሠራው የእንጨት ቶርኖ ታሪክ ነው።

ቶርኖ ሲባል ዛሬ ወደ አሳባችን የሚመጣው በኤሌክትሪክ የሚጮኸው የብረት ማሽን ነው። ጥንታዊውን ግን ማንኛውም አናጢ በጓሮው ሊሠራው ይችላል። ሁለት ወፍራም አግዳሚዎች በመካከላቸው ክፍተት ትተው ጎን ለጎን ይጋደማሉ። በክፍተቱ ሁለት አጫጭር ቋሚዎች ይቆማሉ፤ አንደኛው ወዲያና ወዲህ እየተገፋ በሽብልቅ ይጠብቃል። በቋሚዎቹ ላይ ፊት ለፊት የተሰኩት የብረት ሹሎች እንጨቱን ከሁለት ጫፉ ይይዙታል። ከበላይ ቀጭንና ተለማጭ ግንድ ይታሰራል፤ ከጫፉ የወረደው ጠፍር በእንጨቱ ላይ ተጠምጥሞ ከታች ካለው መርገጫ ጋር ይያያዛል። ሠሪው ሲረግጥ እንጨቱ ወደ እርሱ ይሽከረከራል፤ እግሩን ሲያነሣ ግንዱ እንደ ደጋን ተመልሶ ሲቃና ወደ ኋላ ይዞረዋል። መሮው የሚቆርጠው በረገጠ ጊዜ ብቻ ነው። የአገራችን ሸማኔ በጉድጓዱ አፍ ተቀምጦ እጁንና እግሩን ሲያስማማ ያየ ሰው የዚህን ሥራ ምት ለመገመት አይቸገርም።

እ.ኤ.አ. በ1545 ከሰመጠችውና ቅሪቷ በ1982 ከባሕር ከወጣው «ሜሪ ሮዝ» ከተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ውስጥ በቶርኖ የተሠሩ የእንጨት ሳህኖች ተገኝተዋል። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ15ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ገደማ፣ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በከባድ መንኰራኵር እየታገዘ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚዞር የእግር ቶርኖ በሥዕል ነድፎ ነበር። ሆኖም ተለማጩ ግንድ ከሥራ አልወጣም። ድሃ ሠሪ ከጫካው ቈርጦ ሊተክለው፣ ሲሄድም ጥሎት ሊሄድ ይችላልና። በቺልተርን ኮረብታዎች የነበሩት የወንበር እግር ሠሪዎች እስከ 20ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ድረስ እንዲሁ ያደርጉ ነበር፤ ዛፉን ወደ ከተማ ከመጐተት ይልቅ ቶርኖውን ዛፉ አጠገብ ተክለው፣ የተጠናቀቁትን እግሮች ብቻ ወደ ሃይ ዊኮም የወንበር ፋብሪካዎች ይልኩ ነበር።

የገበቴ ሥራ ግን ከወንበር እግር የረቀቀ ነው። በበርክሸር፣ በክልበሪ በተባለ ስፍራ፣ ጆርጅ ሌይሊ የተባለ ሰው ከአያቱና ከአባቱ የወረሰውን ይህን ሙያ በአንዲት ጐጆ ውስጥ ይሠራ ነበር። ጫፋቸው እንደ ሜንጦ የታጠፈ ብረቶችን ራሱ ቀጥቅጦ ያወጣል። በእነዚህም ከአንድ የኤልም ጉማጅ፣ አንዱ በሌላው ሆድ የተቀመጡ በርካታ ገበቴዎችን ይፈለፍላል፤ እንጨቱ በከንቱ መላጫ ሆኖ አይቀርም። ሌይሊ በ1958 ሲሞት ግን የሚተካው ሰው አልነበረም።

ቶርኖውና ብረቶቹ በሬዲንግ ወደሚገኘው የእንግሊዝ የገጠር ሕይወት ቤተ መዘክር ተወሰዱ። እንጨቱም ብረቱም ተረፈ። ብረቱ በየትኛው አንግል እንደሚያዝ፣ እግር መቼ ተጭኖ መቼ እንደሚነሣ፣ እጅ ከመቁረጡ በፊት ምን እንደሚሰማው ግን ከሰውዬው ጋር ተቀበረ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ሮቢን ውድ የተባለ እንጨት ሠሪ እነዚያን ብረቶች መርምሮ፣ አምሳያቸውን ቀጥቅጦ፣ እየተሳሳተና እየደጋገመ ሙያውን ዳግመኛ ለመማር ተገደደ። ዛሬ በብሪታንያ በ1990 የተቋቋመ የእግር ቶርኖ ሠሪዎች ማኅበር አለ፤ ሙያው ከሞት ተመልሷል ማለት ይቻላል።

ተመልሶ የመጣው ግን በዓመታት ልፋት ነው። ሌይሊ በሕይወት ሳለ አንድ ልጅ አጠገቡ ቆሞ እግሩንና እጁን ቢመለከት ኖሮ፣ ያን ልፋት ሁሉ ባዳነ ነበር። በየቤታችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የአያቶቻችንን መሣሪያ ስናይ፣ አሠራሩን የሚያውቅ ሰው ዛሬም አለን ወይ ብለን እንጠይቅ። ካለም፣ ነገ ሳንል ሄደን አጠገቡ እንቁም።