«አራት ቡድን ብቻ ነበር» ለምትሉ፦ ስለ ጥር 1954ቱ ቡድን ጥቂት ነገር

ጥር በገባ ቁጥር ጉለሌ ላይ ሁለት ነገር አይቀርም። አንዱ ታቦታቱ ወደ ጃንሜዳ ሲወርዱ የመንገዱ መዘጋት ነው። ሌላው የ1954ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ክርክር ነው። ወጣቶቹ «ጋሼ፣ የተጫወተው እኮ አራት ቡድን ነው፤ ሁለት ጊዜ አሸንፎ ሻምፒዮን መባል ምኑ ይደንቃል?» ይላሉ። ጋሼዎቹ ደግሞ «እናንተ በዕድሜያችሁ ምን አሸንፋችሁ ታውቃላችሁና ነው?» ብለው ይመልሳሉ። ሦስተኛ ወገንም አለ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እሱስ ቡድኑ የጣሊያን ክልስና የአሥመራ ልጅ ነበር» የሚል። በእኔ አስተያየት ሦስቱም የያዙት የእውነት ቁራጭ አለ፤ ሦስቱም ግን ታሪኩን በቅጡ አላዩትም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

መጀመሪያ ቀኖቹን ልብ በሉ። ኢትዮጵያ በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዚያን የገጠመችው እሑድ ጥር 6 ነው። በሌላው ግማሽ ፍጻሜ ግብፅ (በወቅቱ ስሟ «የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ» ነው) ኡጋንዳን 2 ለ 1 ያሸነፈችው ጥር 10፣ በከተራ ዕለት ነው። ዓርብ ጥምቀት፣ ቅዳሜ የሚካኤል፣ እሑድ ጥር 13 የዋንጫ ጨዋታ። በዚያ ሳምንት አዲስ አበባ ሰሜኑ ጫፍ ላይ ጃንሜዳ በታቦትና በሆታ፣ ደቡቡ ላይ ለገሃር አጠገብ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም በኳስና በጩኸት ተሞልተው ነበር ማለት ነው። ቴሌቪዥን ወደ ሀገራችን ሊገባ ገና ሦስት ዓመት ያህል ይቀረዋል። ጨዋታውን ማየት የፈለገ በእግሩ ሄዶ ያያል፤ ያልሄደ ከሬዲዮና ከሄደው ሰው አፍ ይሰማል። የዚያ ቡድን ወሬ ዛሬም የጽሑፍ ሳይሆን የአፍ ወሬ ሆኖ የቀረው በከፊል ለዚህ ይመስለኛል።

አሁን ወደ «አራት ቡድን ብቻ» እንምጣ። ቁጥሩ ልክ ነው። ኢትዮጵያ አዘጋጅ በመሆኗ፣ ግብፅም የዋንጫው ባለቤት በመሆኗ ያለ ማጣሪያ ገቡ፤ ቱኒዚያና ኡጋንዳ ተጨመሩ። ግን ቡድኑ ከየት ተነሥቶ እዚያ እንደ ደረሰ የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አላጋጠመኝም። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በየካቲት 1949 ካርቱም ላይ ሲካሄድ ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት ስለ ታገደች ኢትዮጵያ ሳትጫወት ፍጻሜ ገባች። እዚያም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች፤ አራቱንም ግብ ያስቆጠረው አንድ ሰው፣ አድ-ዲባ ነው። በግንቦት 1951 ካይሮ ላይ እንደ ገና ግብፅ፣ እንደ ገና 4 ለ 0። በዚህኛው ሦስቱን ያገባው ማሕሙድ ኤል-ጎሃሪ ነበር፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ ግብፅን በአሠልጣኝነት ሻምፒዮን ያደረገው ያው ሰው። ከዚያ ደግሞ በሱዳን 1 ለ 0።

ስትደምሩት በሁለት የአፍሪካ ዋንጫ ሦስት ጨዋታ፣ ዘጠኝ ግብ የገባበት፣ አንድም ግብ ያላስቆጠረ ቡድን ነበር። ይኼው ቡድን በጥር 1954 በሁለት ጨዋታ ስምንት ግብ አስቆጠረ። ስለዚህ ጥያቄው ስንት ሀገር ተሳተፈ የሚል ብቻ ሊሆን አይገባም። ሁለቱንም የቀደሙ ዋንጫዎች የወሰደች፣ ሁለት ጊዜ አራት አራት ያገባችብህን ሀገር መልሰህ አራት ማግባት ምን ዓይነት ነገር ነው የሚለው ነው የሚያከራክረው።

አሸናፊነቱም ቀላል አልነበረም። በቱኒዚያው ጨዋታ ኢትዮጵያ 2 ለ 0 ተመርታ ነው ተነሥታ 4 ለ 2 ያሸነፈችው፤ ከአራቱ ሁለቱ የመንግሥቱ ወርቁ ናቸው። በፍጻሜውም ሁለት ጊዜ ተመርተዋል። ባዳዊ አብደል ፈታሕ በ35ኛው ደቂቃ አገባ። ኢትዮጵያ በ74ኛው ደቂቃ አቻ ሆነች። ስታዲየሙ ደስታውን ሳይጨርስ፣ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ፣ ባዳዊ ደገመ። ስድስት ደቂቃ ሲቀር አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ አቻ አደረገ። በተጨማሪው ሰዓት ታናሽ ወንድሙ ኢታሎ በ101ኛው፣ መንግሥቱ ወርቁ በ117ኛው ደቂቃ አከሉና 4 ለ 2 ተፈጸመ። ዋንጫውን ንጉሠ ነገሥቱ ለሉቺያኖ ሰጡ። መንግሥቱና ባዳዊ በሦስት ሦስት ግብ የውድድሩ ከፍተኛ ግብ አስቆጣሪዎች ሆኑ።

ሦስተኛው ወገን «የአሥመራ ልጅ» የሚለው ቡድን እንግዲህ ይኼ ነው። የሚገርመኝ ነገሩን እንደ ነውር በሹክሹክታ መናገሩ ነው። በእርግጥም ከተጫዋቾቹ በርካቶቹ ከኤርትራ የመጡ ነበሩ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፦ በዚያ ዘመን ምርጡ ኳስ ያለው አሥመራና ድሬዳዋ ነበር። ሐማሴን፣ አካለ ጉዛይና ቴሌ የሀገሪቱን ሻምፒዮና ያነሡባቸው ዓመታት ነበሩ። ሉቺያኖ የተጫወተበት ኮተን ደግሞ የድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ ቡድን ነው። የአዲስ አበባው ቅዱስ ጊዮርጊስ መንግሥቱ ወርቁን የመሰለ ሰው ቢኖረውም ብቻውን ብሔራዊ ቡድን አይሞላም።

የቫሳሎ ወንድሞችን ነገር ለመረዳት ግን ከኳሱ ትንሽ ራቅ ማለት ያስፈልጋል። ሉቺያኖ የተወለደው በ1935 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ አሥመራ፣ ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት ነው። ኢታሎ በ1940 ተወለደ። በዚያው በ1940 የፋሺስት መንግሥት አንድ ሕግ አወጣ፦ ጣሊያናዊ አባት ከአፍሪካዊት የወለደውን ልጅ በስሙ እንዳያስመዘግብ የሚከለክል፣ ልጁም እንደ «ተወላጅ» እንዲቆጠር የሚያዝዝ። ስለዚህ «የጣሊያን ክልስ» የሚለው ቃል ዛሬ እንደ ዕድል ቢሰማም፣ በዚያን ጊዜ አባትን በሕግ የማጣት ስም ነበር። የዚያ ትውልድ ልጅ ነው ሃያ ሁለት ዓመት ቆይቶ በንጉሡ ፊት የአፍሪካን ዋንጫ የተቀበለው።

የቡድኑ አሠልጣኝ አቶ ይድነቃቸው ተሰማም ያንን ዘመን ከሌላው ጎን ኖረውታል። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 አራዳ ላይ ሲመሠረት የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ልጅ ነበሩ፤ ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። ወራሪው ኳሱን አላጠፋውም፤ ከፋፈለው። ነጩ ለብቻው፣ «ተወላጁ» ለብቻው እንዲጫወት አደረገ፤ የሠፈር ቡድኖችንም ስም ለወጠ። ጊዮርጊስ «ሊቶሪዮ ውቤ ሠፈር» ተባለ፤ የእኛው ጉለሌ «ኮንሶላታ» ሆነ። (ጉለሌ የራሱ ቡድን እንደ ነበረው የሚያውቅ የጉለሌ ልጅ ስንት እንደ ሆነ ጠይቁ፤ ክርክሩን ከዋንጫው ይልቅ እዚያ ላይ ብናደርገው ደስ ባለኝ።) እነዚያ ልጆች በተከለለላቸው ሜዳ ሲጫወቱ አደጉ። ከነሱ አንዱ ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁርን ለያይታ አፍሪካን እንዳትወክል ከተከራከሩት ሰዎች መካከል ተሰለፈ፤ ኋላም ከ1964 እስከ 1979 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኖ አገለገለ። ዘመኑን ላወቀ ነገሩ ድንገተኛ አይመስለውም።

እዚህ ላይ ከርዕሴ ትንሽ ልውጣ። አንዳንድ ወዳጆቼ የአሜሪካን የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ይከታተላሉና «እኛ ሀገር ለዩኒቨርሲቲ ቡድን የሚያብድ ደጋፊ ለምን የለም?» ይሉኛል። መልሱ በዚያው በ1954 ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ የተመረቀው ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ነው፤ ከዋንጫው አንድ ወር ከጥቂት ቀናት ብቻ ቀድሞ፣ ከታኅሣሥ ግርግር አንድ ዓመት በኋላ። በዚያው የፈረንጆች ዓመት የመጀመሪያው የአፍሪካ የቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና ካይሮ ላይ ተካሂዶ የኛም ቡድን ተሳትፏል። በአሜሪካ ሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ ኦሃዮ ስቴትን በተከታታይ ለሁለተኛ ዓመት በፍጻሜ ሲረታ ከተሞች በሙሉ ስለ ኮሌጅ ተጫዋች ያወራሉ። እኛ ጋ ደጋፊው ቀድሞ ቤቱን መርጧል፦ ሠፈሩን (ጊዮርጊስ)፣ ጦሩን (መቻል)፣ ፖሊሱን (ኦሜድላ)፣ ፋብሪካውን (ኮተን)፣ መሥሪያ ቤቱን (ቴሌ)። ዩኒቨርሲቲው ሲመጣ ወንበሩ ሁሉ ተይዞ ነበር። ተማሪውም ብዙ ሳይቆይ ጩኸቱን ከሜዳ ወደ ሰልፍ አዞረው፤ «መሬት ላራሹ» ያለው ያ ግቢ አይደል?

ወደ ቡድኑ ልመለስ። እኔን ከውጤቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ከውጤቱ በኋላ የሆነው ነው።

ያ ቡድን የተሰበሰበው ኤርትራ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር በነበረችበት ጊዜ ነው። ዋንጫው ከመነሣቱ አራት ወር ተኩል ያህል በፊት፣ በነሐሴ 1953 መጨረሻ፣ ሐሚድ ኢድሪስ አዋተ በምዕራብ ኤርትራ የመጀመሪያውን ጥይት ተኩሷል። ዋንጫው ከተነሣ አሥር ወር ሳይሞላ፣ ኅዳር 5 ቀን 1955፣ ፌዴሬሽኑ ፈረሰ። ከዚያ የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት። አንድ ማሊያ ለብሰው ግብፅን ያሸነፉት ሰዎች ልጆች በተለያየ ምሽግ ሊቀመጡ የሚችሉበት ሀገር ሆነ። በ1960 ኢትዮጵያ ዋንጫውን ለሁለተኛ ጊዜ ስታዘጋጅ አሥመራም ከአስተናጋጅ ከተሞቹ አንዷ ነበረች፤ ውጤቱ አራተኛ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ያ ደረጃም አልተመለሰም።

ሉቺያኖ ኋላ ላይ ብሔራዊ ቡድኑን አሠልጥኗል። በደርግ ዘመን ሀገር ጥሎ ጣሊያን ገባ፤ አባቶች እንዳይመዘግቡት በሕግ የከለከለችው ሀገር መሆኗ ነው። በ2017 መጀመሪያ ላይ በ89 ዓመቱ እዚያው አረፈ። ዜናው አዲስ አበባ ሲደርስ በየገጹ ሁለትና ሦስት መስመር ተጽፎ አለፈ። መንግሥቱ ወርቁ በታኅሣሥ 2003 ሲያርፍ ብዙ ሰው አልቅሶለታል፤ ይገባዋልም። በአፍሪካ ዋንጫ በድምሩ አሥር ግብ ያስቆጠረ ሰው ነው። ግን የአንዱን ቡድን ሁለት ታላላቅ ሰዎች ሞት ስናነጻጽር ለአምበሉ ያነሰ እንባ የወጣው በኳስ ችሎታው አይደለም። አንዱ እዚህ ስለ ቀረ፣ ሌላው ስለ ሄደ ነው። ስሙም ለጆሯችን የኛ ስም አልመስል ስላለ ይመስለኛል።

«ዋንጫው የኛ ነው» ብሎ መፎከር ሲሆን ቡድኑ ሙሉ ኢትዮጵያዊ ይሆናል። ዝቅ አድርጎ ማየት ሲያስፈልግ ደግሞ ያው ቡድን ክልስና ኤርትራዊ ይሆናል። ሁለቱንም በአንድ አፍ መናገር አይቻልም። ተጫዋቾቹ አሥመራም ይወለዱ፣ ጎንደርም፣ ድሬዳዋም ይጫወቱ፣ አራዳም፣ ጥር 13 ቀን የለበሱት ማሊያ አንድ ነው። ኤርትራውያንም የራሳቸው ታሪክ ነው ቢሉ አይከፋኝም፤ አባቶቻቸው ናቸውና። የሚከፋኝ እነሱም እኛም ስማቸውን ሳናውቅ መከራከራችን ነው። ጊላሚካኤል ተክለማርያም፣ ክፍሎም አርአያ፣ አስመላሽ በርሄ፣ አዋድ መሐመድ፣ ተክሌ ኪዳኔ፣ ጌታቸው ወልዴ፣ በርሄ ጎይቶም፣ ግርማ ዘለቀ። ከነዚህ አራቱን ሳያነብ የሚጠራ ሰው ካለ በአስተያየት መስጫው ላይ ይጻፍልኝ።

የአንዳንድ ወጣቶች መራርነት ግን ይገባኛል። ከ1974 በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ለመድረስ 31 ዓመት ጠብቀናል። ከ2014 ጀምሮ ደግሞ የካፍን መስፈርት የሚያሟላ ስታዲየም ባለመኖሩ ብሔራዊ ቡድኑ «የሜዳው» የሚባለውን ጨዋታ ለዓመታት በሰው ሀገር እየዞረ ተጫውቷል። ካፍን ከመሠረቱት ሀገሮች አንዷ፣ ሦስተኛውን ዋንጫ አዘጋጅታ የወሰደች ሀገር ናት ይህ የደረሰባት። በሰኔ 2 ቀን 2014 ኢትዮጵያ በ«ሜዳዋ» ግብፅን 2 ለ 0 አሸንፋለች፤ ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ናቸው ያገቡት። ጨዋታው የተደረገው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። ከጉለሌ በእግሩ ሄዶ ያየው ሰው የለም።